የሽንፋ ሰሊጥ በሒሳብ ሲታቀድ

ሰሊጥ አንዴ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም። የግንዱ የታችኛው ቅጠል ይረግፋል፣ ፍሬ የያዘው ቅርፊት ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያም ከታች ወደ ላይ አፉን እየከፈተ ይሄዳል። ሳይታጨድ የቆየ ሰሊጥ ንፋስ በነካው ቁጥር ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። ቀድሞ ከታጨደ ደግሞ የላይኛው ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። በሽንፋና በአካባቢዋ፣ ከመተማ እስከ ቋራ ባለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ የብዙ ገበሬ የዓመት ገቢ የሚወሰነው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባሉት በእነዚህ ጥቂት ቀናት ነው።

ሒሳባዊ ሞዴል ለሰብል ዝውውር ይጠቅማል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የጭነት መኪና ነው፤ የትኛው መኪና በየትኛው መንገድ ወደ የትኛው መጋዘን ይሂድ የሚለው ስሌት። እሱም አንድ ክፍል ነው፤ ከእሱም እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ለማስረዳት ይቀላል። ሽንፋን ግን በመኪና ብቻ ያሰበ ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ሞዴል ለገበሬውም ለኅብረት ሥራ ዩኒየኑም ትልቁ ጥቅሙ "እዚህ ቦታ፣ በዚህ ወር፣ ያጠረን ነገር ምንድን ነው? የአንዱ እጥረትስ ስንት ያስከፍለናል?" የሚለውን ጥያቄ በቁጥር እንድንመልስ ማስገደዱ ነው። በሽንፋ የሚያጥረው ነገር ደግሞ በየወሩ ይለያያል። ሐምሌ ላይ ትራክተር የሚሸከም መሬት ነው፤ ነሐሴ ላይ የአረም ገንዘብ፤ ጥቅምት ላይ የሰው እጅ፤ ኅዳር ላይ መኪና፤ ጥር ላይ ገዢና የተከፈተ መንገድ።

የስሌቱ ታሪክ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የተባለው የሌኒንግራድ የሒሳብ ሊቅ የኮምፔርሳቶ ፋብሪካዎች ያሏቸውን ማሽኖች እንዴት ቢመድቡ ብዙ ምርት እንደሚያገኙ ሲጠየቅ፣ የተጠየቀው ነገር ለእርሻም ለባቡርም የሚሆን አንድ ዓይነት ጥያቄ መሆኑን አስተዋለ። በ1941 አሜሪካዊው ፍራንክ ሂችኮክ ከብዙ ፋብሪካ ወደ ብዙ ከተማ ዕቃ የማከፋፈልን ችግር በሒሳብ ጻፈው። ቲያሊንግ ኩፕማንስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በመርከቦች ስምሪት ላይ ሲሠራ ወደ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። በ1947 ጆርጅ ዳንዚግ ሲምፕሌክስ የተባለውን የአፈታት ዘዴ አገኘ። ዘዴው መጀመሪያ ከተፈተነባቸው ችግሮች አንዱ የምግብ ጥያቄ ነበር፦ ከ77 የምግብ ዓይነቶች መርጦ ሰውነት የሚፈልገውን ሁሉ በዝቅተኛ ዋጋ ማሟላት። ዘጠኝ ሠራተኞች በእጅ በሚሠሩ የሒሳብ ማሽኖች ተቀምጠው ወደ 120 የሰው ቀን ፈጀባቸው። ዛሬ ያንኑ ስሌት ማንኛውም ላፕቶፕ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በሌላ አነጋገር ዛሬ በሽንፋ ያጠረው የስሌት አቅም አይደለም።

እንዲህ ያለ ሞዴል ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። እኛ የምንወስነው ነገር አለ፤ ስንት ሄክታር፣ ስንት ሠራተኛ፣ ስንት ኩንታል ወዴት። ልንጥሰው የማንችለው ገደብ አለ፤ መሬት፣ ቀን፣ ገንዘብ፣ የመጋዘን ስፋት። የምንደርስበት ግብም አለ፤ ወጪን መቀነስ ወይም ገቢን ማብዛት። ቀላል ይመስላል፣ ግን በግምት ስንሠራው በተደጋጋሚ የምንሳሳትበት ነው።

ለማየት እንዲመች ሁለት መንደሮችና ሁለት መጋዘኖች እናስብ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ መንደር 1,000 ኩንታል ሰሊጥ አለው፣ እያንዳንዱ መጋዘንም 1,000 ኩንታል ብቻ ይይዛል። ከመጀመሪያው መንደር አንድ ኩንታል ወደ ቅርቡ መጋዘን ለማድረስ 30 ብር፣ ወደ ሩቁ 50 ብር ያስከፍላል። ከሁለተኛው መንደር ወደ ቅርቡ 40፣ ወደ ሩቁ 90 ብር። ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በጣም ርካሹን መያዝ ነው፤ የመጀመሪያው መንደር በ30 ብር ቅርቡን መጋዘን ይሞላል። ለሁለተኛው መንደር የሚቀረው የ90 ብሩ መንገድ ብቻ ነው። ድምሩ 120,000 ብር። ቦታ ብናለዋውጣቸውስ? የመጀመሪያው በ50 ወደ ሩቁ፣ ሁለተኛው በ40 ወደ ቅርቡ ይሄዳሉ፤ ድምሩ 90,000 ብር ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሳይጨመር፣ አንድ ሜትር መንገድ ሳይሠራ 30,000 ብር ተረፈ። መንደሮቹ ሃያ፣ መጋዘኖቹ አምስት ሲሆኑ ይህን በጭንቅላት ማየት አይቻልም፤ ሞዴሉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ የዕቅድ ሰነዶች ዘለው የሚያልፉት ጉዳይ አለ። የተረፈው 30,000 ብር የማን ነው? የመጀመሪያው መንደር ገበሬዎች በኩንታል 20 ብር ተጨማሪ ከፍለዋል፤ ሁለተኛዎቹ 50 ብር ቀንሶላቸዋል። ገበሬው እያንዳንዱ በራሱ መኪና ተከራይቶ የሚሄድ ከሆነ የመጀመሪያው መንደር ሰው በምንም ተአምር ወደ ሩቁ መጋዘን አይሄድም፤ ትክክልም ነው። ዕቅዱ የሚሠራው ሁለቱንም የሚያቅፍ፣ የተረፈውን ቆጥሮ የሚያካፍል አካል ሲኖር ብቻ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። የሞዴሉ ውጤት ወረቀት ላይ ቀርቶ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ ስለተሳሳተ አይመስለኝም፤ ለሚጎዳው ወገን ካሣው አብሮ ስለማይታሰብ ነው።

ሌላው የመኪና ሒሳብ ችግር ካርታው ነው። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው አስፋልት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓመቱን ሙሉም ያገለግላል። ከዚያ መስመር ወጥቶ ወደ እርሻዎቹ የሚገባው መንገድ ግን በክረምትና በበጋ አንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጎማ ይውጣል፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የሽንፋ ወንዝም እንዲሁ ነው። ክረምት ሞልቶ ድንበሩን ይሻገርና ሱዳን ውስጥ ራሃድ ተብሎ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ፍሰቱ ተቋርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ይህ የወንዙ ጠባይ በጣም የቆየ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሽንፋ–መተማ 1 በተባለው ሥፍራ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች በበጋ ከሚቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ የሽንፋን መንገድ በሞዴል የሚጽፍ ሰው ሁለት ካርታ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለሐምሌ፣ አንዱ ለኅዳር። በመካከላቸው ያለው የጥቅምት ካርታ ደግሞ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጠው ነው። በኪሎ ሜትር ብቻ የተሠራ ዕቅድ በዋልካ ላይ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ሰው እጅ እንመለስ፤ የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ነው።

የቆላው ሰሊጥ በአብዛኛው የሚሰበሰበው በማጭድ ነው። ለዚህ በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከወሎና ከሌላም አካባቢ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማ፣ ቋራ፣ አርማጭሆና ሑመራ ይወርዳል። አጫጁ ሰሊጡን በነዶ ያስራል፤ ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ክምሩን የአካባቢው ሰው ሂላ ይለዋል። ሂላው ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ከመታው በኋላ ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። አንድ ጊዜ አይበቃውም፤ የቀረው ቅርፊት እስኪከፈት ተመልሶ ይቆምና ደግሞ ይራገፋል። ሸራ ከጎደለ ፍሬው ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ ያ አፈር በኋላ መጋዘን በር ላይ ደረጃ ሲወጣ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

አንድ 40 ሄክታር ሰሊጥ የዘራ አምራች እንውሰድ፤ አሁንም ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ነው። አንድ ሄክታር ለማጨድ አሥር የሰው ቀን ይፈጃል እንበል፤ ሰሊጡ ሳይፈስ የሚቆየው አሥር ቀን ነው እንበል። በአጠቃላይ 400 የሰው ቀን ያስፈልገዋል፣ ማለትም ለአሥሩ ቀን 40 ሠራተኛ። ያገኘው ግን 25 ብቻ ነው። በአሥር ቀን 25 ሄክታር ይታጨዳል፤ የቀረው 15 ሄክታር በሚቀጥሉት ስድስት ቀናት እየፈሰሰ ይታጨዳል። በሄክታር ስድስት ኩንታል ቢጠበቅና ዘግይቶ ከታጨደው ሩብ ያህሉ ቢፈስ፣ ከመጀመሪያው 150፣ ከሁለተኛው 67 ኩንታል ተኩል፣ በድምሩ 217 ኩንታል ተኩል ያገኛል።

ይህ ሰው ጥቅምት ላይ ቆሞ የሚያየው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፦ ተጨማሪ ሰው በተጨማሪ ደመወዝ መፈለግ። ጎረቤቱም የሚፈልገው እሱኑ ነው። የቆላው ደመወዝ በአጨዳ ሰሞን የሚሰቀለው ለዚህ ነው። ሞዴሉ ግን ጥያቄውን ወደ ሰኔ ይዞት ይመለሳል። 24ቱን ሄክታር መጀመሪያ፣ 16ቱን ከሳምንት በኋላ ቢዘራስ? ሁለተኛው ዘር የዝናቡ መጨረሻ ስለሚያጥረው በሄክታር አምስት ኩንታል ተኩል ብቻ ይስጥ። በምላሹ የአጨዳው ጊዜ ከአሥር ወደ 17 ቀን ይረዝማል፤ ያው 25 ሰው 40ውን ሄክታር ሳይፈስ ይጨርሰዋል። ከመጀመሪያው 144፣ ከሁለተኛው 88፣ በድምሩ 232 ኩንታል። አንድም ሰው ሳይጨመር 14 ኩንታል ተኩል ተገኘ። ታዲያ ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ ቢዘራ የበለጠ አይሻልም? ሦስተኛው ዘር በሄክታር አራት ተኩል ብቻ ቢሰጥና መሬቱ 14፣ 13፣ 13 ሄክታር ተብሎ ቢከፈል ድምሩ 214 ኩንታል ይሆናል፤ በአንድ ቀን ከተዘራው እንኳ ያንሳል። ጥቅሙ መከፋፈሉ ላይ ብቻ አልነበረም፤ የት ላይ መቆም እንዳለበት ማወቁ ላይ ነበር። ይህን ደግሞ ቆጥሮ እንጂ ገምቶ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚሁ ስሌት የሚወጣ ሌላ ቁጥር አለ፤ የሙያው ሰዎች የጥላ ዋጋ የሚሉት። አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ቢመጣ አምራቹ ምን ያህል ያተርፋል? ሁሉም በአንድ ቀን በተዘራበት እርሻ ላይ 26ኛው ሠራተኛ አንድ ሄክታር በጊዜው ያጭዳል፣ አንድ ኩንታል ተኩል ከመፍሰስ ያድናል። ስለዚህ አምራቹ ለእሱ ከመደበኛው ክፍያ በላይ እስከ አንድ ኩንታል ተኩል ሰሊጥ ዋጋ ድረስ ቢከፍል አይከስርም። በሁለት ጊዜ በተዘራው እርሻ ላይ ግን የ26ኛው ሠራተኛ የጥላ ዋጋ ዜሮ ነው፤ አጨዳው ያለ እሱም በጊዜው ያልቃል። አንድ አምራች ሲከፋፍለው የሚጠቀመው ለራሱ ነው። በአንድ ቀበሌ ያሉ ብዙ አምራቾች ተነጋግረው ሲከፋፍሉት ግን የሠራተኛው ሥራ በጥቂት ቀናት ሩጫ ሳይሆን በብዙ ቀናት ይዳረሳል፤ ሠራተኛውም ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተሻገረ ብዙ ቀን ይሠራል። ከሰሊጥ ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ አብሮ ቢታቀድ ደግሞ ያው ሰው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ሥራ አያጣም። በቅርብ ዓመታት በአካባቢው እየተስፋፉ ያሉት አኩሪ አተርና ማሾ ሲመጡም መጠየቅ ያለበት የገበያ ዋጋቸው ብቻ አይደለም፤ የሚሰበሰቡበት ሳምንት ከሰሊጥ ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም የሚለውም ጭምር ነው።

በሞዴሉ ውስጥ "25" ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሰው መሆኑን መርሳት ደግሞ ስሌቱን ራሱን ያበላሸዋል። በቆላው የወባ ዋና ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ይኸውም የአጨዳው ወቅት ነው። በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ የሚራባው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ያስተላልፋል፤ ከደጋ የመጣ፣ በሽታውን ከዚህ ቀደም የማያውቅ፣ በእርሻው ዳር ግራር ሥር የሚተኛ ሠራተኛ ከሁሉ ይበልጥ ይጋለጣል። ከ25ቱ አምስቱ ለአራት ቀን ቢተኙ 20 የሰው ቀን ጠፋ፣ ሁለት ሄክታር በጊዜው ሳይታጨድ ቀረ። አጎበር፣ ንጹሕ ውሃና ቅርብ ሕክምና በበጀት ሰነድ ውስጥ በጤና ዘርፍ ሥር ይቀመጣሉ። በዚህ ሞዴል ውስጥ ግን ከመኪናና ከሸራ ጎን የሚቆሙ የምርት ግብአቶች ናቸው። እርግጥ ለሰው ሕይወት መጠንቀቅ የኩንታል ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ የሚጠቅመው ወጪውን "አይመለከተኝም" ለሚል አምራች ነው።

ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ሌላ ሰንሰለት ይጀምራል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው ከመራራ ልምድ በመነሣት ነበር። በ1994 ዓ.ም. በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ወደቀ፤ ዋጋው የአጨዳና የመጓጓዣ ወጪውን ስላልሸፈነ ሰብሉን ማሳ ላይ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። በዓመቱ ድርቅ መጥቶ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ርዳታ ፈለገ። ትርፉንና እጥረቱን የሚያገናኝ መጋዘን፣ ብድር፣ መረጃና መጓጓዣ አልነበረም። ገበያውን በመሪነት ያቋቋሙት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ይህን ክፍተት አጥንተው የጻፉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ናቸው። ሰሊጥ ወደ ገበያው ከገባ ወዲህ መተማ፣ ጎንደርና ሑመራ የመረከቢያ መጋዘኖች አሏቸው፤ ምርቱ ናሙና ተወስዶበት፣ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት በደረሰኝ ይሸጣል። የሑመራ–ጎንደር ነጭ ሰሊጥም ከወለጋው በተለየ ምድብ ይገበያያል።

ይህ ሥርዓት ለሞዴል ሠሪ ብዙ ያቀልለታል፤ ዋጋው በየመጋዘኑ ይታወቃል። ግን ገበሬው መቼ እንደሚሸጥ የሚወስነው ዋጋው ብቻ አይደለም። ለአረምና ለአጨዳ የተበደረው ገንዘብ የሚመለስበት ቀን አለ። ሁሉም አምራች የሚሸጠው በአንድ ሰሞን ከሆነ በዚያ ሰሞን ዋጋው ዝቅ ይላል፣ መኪናውም ይወደዳል። "ሁለት ወር ቢያቆየው ይሻለው ነበር" የሚል ሞዴል የገንዘብ ገደቡን ካልጻፈው ለገበሬው ምክር አልሰጠም፣ ምኞት ነው የነገረው። ገደቡ በትክክል ሲጻፍ መልሱ ይለወጣል፦ ለብድሩ የሚበቃውን ያህል ወዲያው ሽጦ ቀሪውን ማቆየት፣ ወይም በመጋዘን ደረሰኝ መበደር። ሁለተኛው እንዲሠራ ባንኩ ደረሰኙን ማመን አለበት፤ ስለዚህ በጥር የጎደለው ነገር መጋዘን ይምሰል እንጂ ብድር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ድንበሩ አለ። ከሽንፋ ወደ ባሕር የሚወስዱ ሁለት አቅጣጫዎች ነበሩ። አንዱ በመተማ ዮሐንስና በጋላባት ወደ ገዳሪፍና ፖርት ሱዳን፤ ሌላው በጎንደር አድርጎ፣ ወይ በአዲስ አበባና በሞጆ፣ ወይ በወረታ፣ በወልዲያና በሚሌ ወደ ጅቡቲ። በ2013 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ የሱዳን ጦር ወደ አወዛጋቢው የአልፋሽጋ ድንበር መሬት ሲገባ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰብላቸውን ትተው ወጡ። በሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ጀመረ። የመተማ መሻገሪያ በእነዚህ ዓመታት በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ በጎንደር–መተማ መስመር መንገደኛና ሾፌር በእገታ ብዙ መከራ አይተዋል። በሌላ በኩል በይፋዊውና በጥቁር ገበያው የምንዛሪ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥር ሰሊጥ በኮንትሮባንድ ወደ ሱዳን የመሄድ ዝንባሌው ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ይህ የስሌቱ ክፍልም ተለውጧል። ገበሬና ነጋዴ የታዘዙትን መንገድ ብቻ ይከተላሉ ብሎ የተነሣ ሞዴል በድንበር አካባቢ ገና ሲጀምር ይሳሳታል።

ዳንዚግ እ.ኤ.አ. በ1955 ነገ ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ እንዴት እንደሚታቀድ አሳይቷል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ዛሬ የግድ የሚወሰነውን ነገ ከሚስተካከለው ለይ፤ የዛሬውን ስትወስን ነገ ሊመጡ የሚችሉትን ሁኔታዎች ሁሉ በየክብደታቸው አስገባ። ሽንፋ ላይ መጋዘን ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለውን በዚህ እንየው። መጋዘን ውስጥ ማቆየት በኩንታል 60 ብር ያስወጣል እንበል። መንገድ ሲዘጋ መጋዘን የሌለው ገበሬ ለተገኘው ገዢ በኩንታል 500 ብር አጉድሎ ይሸጣል እንበል። 60ን ለ500 ስናካፍል 12 በመቶ እናገኛለን። መንገዱ ከስምንት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሽያጭ ሰሞን የሚዘጋ ቢሆን እንኳ መጋዘኑ ወጪውን ይመልሳል። ያለፉትን ዓመታት ያየ ሰው ዕድሉ ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ ያውቃል። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው ብሎ የተነሣ ዕቅድ ግን ያንኑ መጋዘን "አላስፈላጊ ወጪ" ብሎ ይሰርዘዋል። ሰላም ሲጠፋ የሚያገለግለውን ነገር በሰላም ጊዜ ስሌት መመዘን ይኸን ያመጣል።

በዚሁ መንገድ ላይ ወደ ታች የሚሄድ ጭነትም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ቆይተዋል፤ ምግብና መድኃኒት ይመጣላቸው የነበረው ከላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም ምግብ ከየት ይገዛ፣ ምን ዓይነት ምግብ ይቅረብ፣ በየት ይጓጓዝ የሚሉትን በአንድ ላይ የሚወስን ሞዴል በብዙ አገሮች ሲጠቀም ቆይቷል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2021 በሙያው ትልቅ የሆነውን የፍራንዝ ኤደልማን ሽልማት አግኝቷል። ለሽንፋ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ዱቄት ይዞ የወረደ መኪና ሰሊጥ ወይም ማሽላ ይዞ ሊመለስ ይችላል ወይ? መስከረም ላይ ሠራተኛ ጭኖ የሚወርደው አይሱዙስ? የሠራተኛው መውረድና የሰሊጡ መውጣት በሁለት ወር ያህል ስለሚራራቁ ለአይሱዙው መልሱ በአብዛኛው አይሆንም ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሚመላለስ ጭነት ግን የሚቻልበት ወር አለ፤ ያን ወር ለይቶ ማውጣት የሞዴሉ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ መረጃ ይፈልጋል፤ ብዙው ደግሞ ከምናስበው የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለው ቺርፕስ የተባለ የዝናብ መዝገብ በአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት የየአካባቢውን ዝናብ በነፃ ይሰጣል፤ የዝናቡ መጨረሻ በየስንት ዓመቱ እንደሚያጥር ከዚያ ይወጣል፣ ሁለተኛው ዘር ስንት ኩንታል እንደሚቀንስ ለመገመትም ይረዳል። ሴንቲነል 2 የተባሉት ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ አሥር ሜትር ድረስ አጥርተው ያነሣሉ፤ የቆላው እርሻ ሰፋፊ ስለሆነ የትኛው ማሳ መቼ ቢጫ እንደሆነ፣ መቼ እንደታጨደ ከላይ ይታያል። ከላይ የማይታየው አለ፦ በየቀኑ ስንት ሠራተኛ እንደተገኘ፣ ስንቱ እንደታመመ፣ ኩንታል ለማድረስ ስንት እንደተከፈለ፣ የትኛው መሻገሪያ በየትኛው ቀን መኪና እንዳሳለፈ። እነዚህን የሚያውቁት አምራቹ፣ የእርሻው ተቆጣጣሪ፣ ሾፌሩና የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። አንድ ማኅበር እነዚህን አራት ቁጥሮች ለሁለት የምርት ዘመን በደብተር ቢይዝ፣ ከከተማ ከሚመጣ ማንኛውም ጥናት የተሻለ መነሻ ይኖረዋል።

የሞዴሉን ግብ የሚጽፈው ማን እንደሆነም ከአሁኑ መወሰን አለበት። ጠቅላላ ወጪ ይቀነስ ብንል አንዱ መንደር ይጎዳል፤ ማንም ከዚህ በታች አይውረድ ብንል ድምሩ ትንሽ ያንሳል፤ የዘር ቀን ይከፋፈል ብንል ሁለተኛውን ሳምንት ማን ይውሰድ የሚል ክርክር ይነሣል። ሒሳቡ ለእያንዳንዱ ምርጫ ዋጋውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፣ ከመካከላቸው ግን አይመርጥም። መምረጥ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሥራ ነው፤ ያ ጉባኤም መጠራት ያለበት ሰኔ ላይ፣ ትራክተር ዋልካው ላይ ሳይወጣ ነው። ዘሩ ከገባ በኋላ በጥቅምት ሊለወጥ የሚችለው ነገር በጣም ጥቂት ነው።